የሦስት ቀን ፓስ ይዘን ለወንጌል ስንወጣ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ኔትወርክ ደህና የሆነ ቀን አንብቡት።

ስለ መዘምራኖቻችን ጉዞ ባለፈው ሁለት መስመር ለጥፌ ነበር። ውጭ አገር የሚኖር አንድ ወንድም በውስጥ መስመር፣ «ስደተኛ ደግሞ ሚሽን ትሪፕ ይሄዳል እንዴ? ሚሽን እኮ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው» አለኝ። በቀልድ ነው ያለው፤ አልተቀየምኩም። ጥያቄው ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ፤ የእሱ ብቻ አይደለምና። ሚሽነሪ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ፓስፖርት ያለው ሰው ነው።

ወደ ካኩማ የሚመጡ ቡድኖችን ብዙ ጊዜ አስተርጉሜላቸዋለሁ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ይመጣሉ፣ አሥር ቀን ይቆያሉ፣ ከልጆቹ ጋር ይጫወታሉ፣ ይጸልያሉ፣ ሲሄዱ ያለቅሳሉ። ሰው ሲያላግጥባቸው ደስ አይለኝም። በራሳቸው ገንዘብ፣ በራሳቸው የዕረፍት ቀን የመጡ እንግዶች ናቸው። አንድ ጊዜ የሁለቱ ሻንጣ አውሮፕላን ማረፊያ ቀርቶባቸው፣ «ጠላት ጉዞአችንን ሊያሰናክል ተነሥቷል፤ ጸልዩልን» አሉን። ጸለይን። ስለ ሻንጣው ተንበርክከው ከጸለዩት እናቶች አንዷ ካገሯ የወጣችው በለበሰችው ልብስና በአንድ ነጠላ ነው። ሻንጣው በሦስተኛው ቀን ሲደርስ እልል አለች። ከልቧ ነበር። እንግዶቹ ያቺ ሴት ማን እንደሆነች አላወቁም፤ እሷም አልነገረቻቸውም።

አሁን ወደ እኛ ጉዞ ልምጣ። ለማያውቁት፣ ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመ፣ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ በቱርካና ምድር ያለ ካምፕ ነው። እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ የወለደ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 26 ላይ ስለ ስደተኛ የመንቀሳቀስ መብት ይናገራል፤ ኬንያም ስምምነቱን ተቀብላለች። በተግባር ግን ከተመደበልህ ቦታ ለመውጣት ፈቃድ ማውጣት አለብህ። እኛ «ፓስ» እንለዋለን። ስምህ፣ የምትሄድበት ቦታ፣ ምክንያትህና የምትመለስበት ቀን ይጻፍበታል። ለሕክምና የሚሄድ አለ፣ ለትምህርት የሚሄድ አለ፣ ለንግድ የሚሄድ አለ። «ለመዝሙር» የሚል ምክንያት ሲያይ ግን ፎርሙን የሚቀበለው ሰው ቀና ብሎ ያይሃል።

የጋበዘን በአንድ የቱርካና መንደር ያለች ትንሽ ጉባኤ ናት። ቦታው ከካኩማ ወደ ሎድዋር ከሚወስደው ዋና መንገድ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከእኛ 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለ14 ሰው ፓስ ጠየቅን፤ ለ9 ሰው መጣ። ለሦስት ቀን፣ ከዓርብ እስከ እሑድ። ከቀሩት አምስቱ አንዱ ኪቦርድ ተጫዋቻችን ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ስላልተወሰነ ወረቀቱ አልበቃም። ኪቦርዱ ሄደ፣ ተጫዋቹ ቀረ። ዓርብ ጠዋት መኪናው ላይ ዕቃ ሲጭን አብሮን ዋለ፤ ገመዱን የቋጠረው እሱ ነው።

ከሄድነው መካከል ባለፈው ዓመት ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ነበረች። ድምፀ መልካም ናት፤ በፈተናም ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች። የሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት የስኮላርሺፕ ቃለ መጠይቅ ነበራት። እናቷ፣ «መምህር፣ እሑድ ማታ ቤቴ ትደርስልኛለች አይደል?» አሉኝ። «እግዚአብሔር ሲፈቅድ እማማ» አልኩ። ፓሱም የሚለው እሱኑ ነበር።

እኔ የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ስለ ላጋ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ላጋ ማለት ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ከርሞ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞላ ወንዝ ነው። ተንኮሉ ዝናቡ አንተ ባለህበት መጣል የለበትም። በምዕራብ፣ በኡጋንዳ ድንበር በኩል ባለው ከፍታ ይዘንባል፤ አንተ ፀሐይ እየመታህ አሸዋው ላይ ቆመህ ሳለ ውሃው ይመጣብሃል። ኅዳር ነበር፤ ተራሮቹ ጠቁረዋል። ሹፌሩ ላጋው አፍ ላይ ቆሞ አየና፣ «እንለፍ፣ አሁን ካላለፍን ዛሬ አናልፍም» ብሎ ገባ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ አሸዋው ግን የኋላ ጎማውን መሐል ላይ ያዘው።

ወርደን ገፋን። መኪናው ባሰበት። በዚህ መሐል ከማዶ አንዲት ሴት ስትጮህ ሰማን። ቱርካና ናት፤ አንገቷ እስከ አገጯ ጨሌ ነው። የምትለው አልገባንም። እጇን ወደ ላይኛው የወንዙ አቅጣጫ ስታወናጭፍ ግን ገባን። ከዚያ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ፍየል የሚጠብቁ ልጆችና ሦስት አራት ጎልማሶች ደረሱ። የግራር ቅርንጫፍ ቆርጠው ከጎማው ሥር ጎዘጎዙ፣ በእጃቸው አሸዋ ዛቁ፣ እኛን ከነዕቃችን ወደ ዳር ገፉን። ኪቦርዱን አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በራሱ ተሸክሞ አወጣው። ጄነሬተሩ ከባድ ስለነበር መጨረሻ ቀረ።

ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ከርቀት የሎሪ ድምፅ ይመስላል። ቀጥሎ ቡናማ ግድግዳ፣ ከፊቱ እንጨትና ቆሻሻ እየገፋ። ሹፌሩን ሁለት ሰዎች እጁን ይዘው ጎተቱት። መኪናው ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ተደገፈና ቆመ። ጄነሬተሩ ሄደ። የእኛ አይደለም፤ ከአንድ ነጋዴ የተዋስነው ነው። ሰው ግን አልሞተም። ዘጠኛችንም፣ ሹፌሩም፣ ከእነሱም አንድም።

እዚህ ላይ ካኩማ ለሚኖሩ ሰዎች ማብራራት የማያስፈልገኝን ለሌሎቻችሁ ልበል። በስደተኛውና በቱርካናው መካከል ያለው ነገር ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። እንጨት አለ፣ ውሃ አለ፣ መሬት አለ። ካርድ ያለን እኛ ነን፣ ራሽን ቢቀነስም ራሽን አለን፤ ድርቅ ሲመጣ ግን ድርቁ ለሁሉም ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃት ቱርካና ጠዋት በር ላይ ማገዶ ይዛ የምትመጣውን ሴት ነው፤ በሃያ ሽልንግ የምንከራከራትን።

ያን ማታ እነሱ ጋ አደርን፤ ላጋው ሞልቶ ወደ ኋላም ወደ ፊትም የለም። ልንደርስበት ያሰብነው መንደር ከማዶ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ ኤኪቾሎንጉን (ወንዶቹ ይዘውት የሚዞሩት፣ ወንበርም ትራስም የሚሆነው ትንሽ እንጨት ነው) አቅርቦ መጋቢያችንን አስቀመጠው። ፍየል ታረደ። መጋቢ በጆሮዬ፣ «ስንት ፍየል አላቸው?» አለኝ። ከጠባቂዎቹ አንዱን በስዋሂሊ ጠየቅሁት። ባለፈው ድርቅ አብዛኛው አልቆ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መጋቢ ሥጋውን እያየ ብዙ ቆየ። ከዚያ በላ፤ አለመብላት አይቻልም።

ለስብከት የተዘጋጀው ማስታወሻ ረጥቦ ነበር። መጋቢ የጳውሎስን የመርከብ አደጋ ለእኛ በአማርኛ ማውራት ጀመረ። 276 ሰው የጫነ መርከብ፣ አሥራ አራት ሌሊት በማዕበል፣ ከዚያ በመላጥያ ደሴት ዳርቻ ስብርብር። ያ የመጀመሪያው እንኳ አይደለም፤ ጳውሎስ ከዚያ በፊት ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሦስት ጊዜ መርከብ ተሰብሮብኛል ብሎ ቆጥሮላቸዋል። «እኛ ይህን ክፍል ስንሰብክ እባቡን እንሰብካለን» አለ መጋቢ። «እጁ ላይ ተጣብቆ ያልገደለውን። እሳቱን ማን አነደደው? ዝናብና ብርድ ነበር፤ ቀድመው እሳት አንድደው የተቀበሉት የደሴቱ ሰዎች ናቸው። ወንጌል ገና አልሰሙም። ጳውሎስ ደግሞ እስረኛ ነው፤ ወታደር ይጠብቀዋል።» ከዚያ ዝም አለ። የእኛን እሳት አንዲት አሮጊት ትቆሰቁስ ነበር።

ሌሊት ዘመርን። ኪቦርድ የለ፣ መብራት የለ፤ ቢጫ ጀሪካን ገልብጠን መታን። ልጅቷ አንድ አዝማች ስትጀምር ሴቶቹ ቃሉን ሳያውቁ ዜማውን ያዙት። የእነሱንም ዘፈኑ፤ «አኩጅ» የሚለውን ቃል ለይቼ ሰማሁ፣ እግዚአብሔር ማለት ነው። ስንት ሰው ዳነ ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ፤ ሪፖርት ሲጻፍም ይህ ዓምድ አለ። የዳንነው እኛ ነን፣ ዘጠኝ ሰው ከሹፌሩ ጋር አሥር።

ላጋው ቅዳሜም እንደገና መጣ። እሑድ ጎደለ። መኪናውን አውጥተው ሞተሩን ለማስነሣት እሑድ ማታ ሆነ። በሌሊት ያንን መንገድ ማንም አይሄደውም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ስንነሣ ፓሳችን ሞቶ ነበር።

ለመሄድ ስንጫን ሽማግሌው መጥቶ ከሹፌሩ ጎን ቁጭ አለ። ወዴት እንደሚሄድ ስንጠይቀው ወደ መንገዱ አመለከተ፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። ኬላው ጋ አስቆሙን። ፖሊሱ ወረቀቱን አየ፣ ቀኑን አየ፣ እኛን አየ። «ጊዜው አልፏል፤ ውረዱ።» ጭቃ የለበሰውን መኪና አሳየሁት። «አፋንዴ፣ ላጋ ይዞን ነው።» «ሁሉም ላጋ ነው የሚለው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ላጋ የማያውቀው ሰውም ላጋ ይላል። አንድ ሌላ ደግሞ በጎን መጥቶ በዝቅታ ድምፅ ነገሩ ሊያልቅ የሚችልበትን መንገድ ጠቆመኝ። የመንገዱን ዋጋ ታውቁታላችሁ። ገንዘቡም አልነበረንም።

ከአንድ ዛፍ ሥር አራት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ተማሪዬ ማክሰኞን እያሰበች ነው፤ አትናገርም፣ ጫማዋ ላይ የደረቀውን ጭቃ በእንጨት ትፍቃለች። ሽማግሌው ግን አልተቀመጠም። በትሩን ይዞ ከአንዱ ፖሊስ ወደ ሌላው በቱርካና ቋንቋ ይናገራል። አንዱ ወጣት ፖሊስ የአካባቢው ተወላጅ ስለነበር በኋላ ተረጎመልኝ። ያለው አጭር ነው፦ እንግዶቼ ናቸው፣ ውሃው የያዛቸው እኔ ቤት ነው፣ ካሰራችኋቸው እኔንም እሰሩኝና ፍየሎቼን ማን እንደሚጠብቅ ንገሩኝ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የፈረቃው አለቃ መጣ፣ ሰማው፣ ወረቀታችንን መለሰና «ሂዱ» አለን። ሽማግሌው አብሮን ካኩማ አልመጣም። ከመኪና ወርዶ ወደ መጣበት በእግሩ ዞረ። ከኪሳችን ያለውን ሰብስበን ብንሰጠው ስኳርና የትንባሆ ገንዘብ ብቻ ወስዶ ሌላውን መለሰ።

አሁን ያ ወንድም ላነሣው ጥያቄ የምለው ይኸው ነው። ክርስትና ወደ አክሱም እንዴት እንደገባ ከልጅነታችን የሰማነው ታሪክ አለ፤ ሩፊኖስ የተባለው ጸሐፊ ከራሱ ከባለ ጉዳዩ ሰምቼዋለሁ ብሎ ጽፎታል። ሜሮፕዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ልጆች ይዞ ለጉብኝት ወጣ። እንደ ትምህርት ጉዞ ቁጠሩት። ሲመለሱ መርከባቸው ለውሃና ለስንቅ ወደብ ላይ ቆመች፤ በውስጧ ያሉት ተገደሉ። ሁለቱ ልጆች ከዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙና ተማርከው ወደ ንጉሥ ተወሰዱ። አንደኛው ፍሬምናጦስ ነው፤ በኋላ እስክንድርያ ሄዶ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ የተመለሰው፣ አባ ሰላማ የምንለው። ማንም አልላከውም። በዛሬው አነጋገር አሳዳጊው የተገደለበት፣ ወረቀት የሌለው፣ ብቻውን የቀረ ሕፃን ነው። እንዲህ ዓይነት ልጆች ክፍሌ ውስጥ አሉኝ።

ኦኔስሞስ ነሲብም አለ። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ። ለወንጌል ወደ ኦሮሞ ምድር ሊገባ በሱዳን በኩል ሞክሮ በሕመምና በመንገድ ችግር ተመለሰ። መንገዱ ተዘግቶበት በቆየባቸው ዓመታት ከአስቴር ጋኖ ጋር ሲሠራ ኖሮ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ስደተኛ ሚሽን ይሄዳል ወይ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ስንት ቀን ፓስ ይሰጡታል ብለህ ጠይቀኝ።

ተማሪዬ ማክሰኞ ጠዋት ቃለ መጠይቋ ላይ ደርሳለች። ውጤቱ ገና አልመጣም። ፓሳችን ያለፈበት ምክንያት መዝገብ ላይ እንዲጻፍና በሚቀጥለው ጊዜ እንዳይቆጠርብን ደብዳቤ አስገብተናል፤ ላጋ በሚሞላባቸው ወራት የፓስ ቀን እንዲራዘምም አብረን ጠይቀናል። ፓሱ አልፎበት በጎርፍ ምክንያት የታሰረ ወይም የተቀጣ ካለ ቀኑንና ቦታውን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ስም አላወጣም።

ለጄነሬተሩ ነጋዴው በየወሩ እንድንከፍል ተስማምቷል፤ መዘምራኑ ከኢንሴንቲቫቸው እያዋጡ ነው። ለሽማግሌው ሁለት እንስት ፍየል ገዝተናል፤ ለጊዜው መጋቢ ግቢ ታስረው የጎረቤት ጎመን እየበሉ ነው። ለጥር ፓስ ጠይቀናል፣ ለ14 ሰው፣ ለአምስት ቀን፤ ኪቦርድ ተጫዋቻችንም ስሙ አለበት።

መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ። ጌታ ይባርካችሁ።