አሥራ ሁለቱ ቃላት

ገንዘባቸው ጠፍቶባቸው ወደ ሱቄ ከመጡ ሰዎች ላይ ሲሶ እየቆረጥኩ ኖሬያለሁ። ሲሶውን ያስገኘልኝ የእነሱ አለማወቅ ነው። ይህን ለራሴ ካመንኩ ቆየሁ፤ ለሌላ ሰው ግን አፌን ሞልቼ ተናግሬው አላውቅም። የሰው ሐቅ ይዞ መስገድ ከብዶኛል፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሱቄ ገላፊ ነው፤ ወደ ጅቡቲ የሚሻገሩ ከባድ መኪኖች ተራቸውን በሚጠብቁበት መንገድ ዳር። አገሬ ኮምቦልቻ ሲሆን እዚህ የመጣሁት ስልክ እየጠገንኩ ልኖር ነው። የአገራችን የገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚገባ፣ ሹፌሩ ሚሌን፣ ሎግያን፣ ሰመራንና ዲቾቶን እያለፈ እኛ ጋ ይደርሳል። ቀን ሙቀቱ ስለማያላውስ ሰው ሁሉ ከተሳቢው ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ስልኩን ይነካካል። ክሪፕቶም የገባው ወደዚያ ጥላ ነው። ረዳቶቹ እ.ኤ.አ. በ2024 ኖትኮይንና ሀምስተር ኮምባት የተባሉት ጨዋታዎች በቴሌግራም ሲመጡ ስክሪን ሲመቱ ይውሉ ነበር። ለሹፌሮቹ ደግሞ ውጭ ያሉ ልጆቻቸው ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) መላክ ጀመሩ።

ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ መገበያያ ብር ብቻ እንደሆነና በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ብር ሲወርድ ግን ሰው ያለችውን በዶላር መያዝ ፈለገ። ቼይናሊሲስ የተባለው የጥናት ድርጅት በዚያው ጊዜ ባወጣው ሪፖርት፣ በአነስተኛ መጠን የሚደረግ የስቴብል ኮይን (እንደ ዩኤስዲቲ ያለ) ዝውውር ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ሁሉ በላይ በኢትዮጵያ በፍጥነት ማደጉን፣ እድገቱም ከዓመት ዓመት 180 በመቶ መሆኑን ጽፏል። ነገሩ እንዲህ ተስፋፍቶ ሕጉ ግን ስለማይቀበለው፣ ገንዘብ የጠፋበት ሰው ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም። እኔ ይህን በደንብ አውቅ ነበር፤ ተጠቅሜበታለሁም።

ወደ እኔ ይመጣ የነበረው ሰው ችግሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። "ተልኳል ይላሉ፣ አልደረሰኝም።" ላኪው በአንዱ ኔትወርክ ልኮ ተቀባዩ በሌላው ይጠብቃል። ዩኤስዲቲ በኢቴሪየም ላይ አለ፣ በቢኤንቢ ቼይን ላይ አለ፣ በፖሊጎን ላይ አለ፣ በትሮን ላይ አለ። የትሮን አድራሻ በቲ ስለሚጀምር መላኪያው ራሱ አልቀበልም ይላል፤ በዚያ በኩል የሚሳሳት ጥቂት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ግን አድራሻቸው ዜሮ ኤክስ ብሎ የሚጀምር፣ 42 ሆሄያት ያሉት፣ በሦስቱም ላይ ፍጹም አንድ ዓይነት ነው። በሚሌም በሎግያም በገላፊም ቁጥሩ አንድ የሆነ መጋዘን ያለው ነጋዴ በሉት፤ ቁልፉም ለሦስቱም አንድ ነው። ዕቃው ሚሌ ተራግፎ ሰውየው ገላፊ ያለውን መጋዘን ከፍቶ ባዶ ሲያገኝ ይጮሃል። ዕቃው ግን አልጠፋም። ከፋች እየጠበቀ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ የተላከው ወደ ሰውየው የራሱ ዋሌት (በስልኩ ወዳለው የክሪፕቶ ቦርሳ) ከሆነ ማስመለሱ ቀላል ነው። ዋሌቱ ላይ የተላከበትን ኔትወርክ መጨመር፣ ለማንቀሳቀሻ (በቢኤንቢ ቼይን ከሆነ) የጥቂት ሳንቲም ቢኤንቢ ማስገባት፣ ከዚያ መላክ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራው እዚያው ባለቤቱ ስልክ ላይ፣ በባለቤቱ እጅ ይሠራል። የዋሌቱ መክፈቻ የሆኑትን አሥራ ሁለቱን ቃላት ማንም ሰው ማየት አያስፈልገውም።

እኔ ግን እጠይቅ ነበር።

አንድ ሹፌር ነበሩ፤ ስማቸውን አልጽፍም። ዱባይ የምትሠራ ልጃቸው ለዕረፍት በመጣች ጊዜ ሜታማስክ የተባለ ዋሌት ጭናላቸው ሄዳለች። የላከችውን ገንዘብ በሁለት ቀን ውስጥ ሲያጡት ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። አድራሻቸውን የቢኤንቢ ቼይን መፈለጊያ በሆነው ቢኤስሲስካን ላይ ስፈልገው ገንዘቡ ቁጭ ብሏል፤ 600 ዶላር። ልጅቷ ክፍያው የሚረክስበትን መርጣ በቤፕ 20፣ ማለትም በቢኤንቢ ቼይን ልካለች፣ የእሳቸው ዋሌት የሚያሳየው ኢቴሪየምን ብቻ ነው። ያየሁትን አላሳየኋቸውም። ስክሪኑን ወደ ራሴ መለስ አድርጌ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ባዕድ ኔትወርክ ላይ ወድቋል። ከባድ ነው። ከተገኘ ሲሶው የእኔ ነው፤ አሥራ ሁለቱን ቃላት ይስጡኝ" አልኳቸው።

ከደረት ኪሳቸው ማስታወሻ ደብተር አወጡ። የጎማና የነዳጅ ሒሳብ የተጻፈበትን ሁሉ ገልጠው መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱ። ልጅቷ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ሆሄ ቃላቱን አንድ በአንድ ቁጥር ሰጥታ ጽፋቸዋለች፤ ከሥራቸው ሁለት ጊዜ አስምራለች። "ለማንም እንዳታሳይ ብላኝ ነበር" አሉኝ። "አንተ ግን አዋቂ ነህ።"

ቃላቱን በራሴ ስልክ ላይ አስገባሁ። ያደረግኩት ሥራው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እንዳያዩ ብዬ ነው። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቼ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየሁ። ስወጣ ላቤን ጠረግሁ። 400 ዶላሩን ሲያዩ ግንባሬን ሳሙኝ።

ያን ጊዜ ለራሴ የምነግረው ብዙ ነበር። ሐኪምም ያስከፍላል፣ እኔ ባልኖር ሙሉውን ያጡት ነበር፣ ሲሶ ከምንም ይሻላል። ይህ ሁሉ እውነት ይመስላል። አንድ ነገር ግን ያፈርሰዋል፦ ማንንም እንዲያውቅ አድርጌ አልሸኘሁም። ያወቀ ሰው ተመልሶ እንደማይመጣ አውቃለሁና።

ከዚህ የከፋም አለ። አንድ ረዳት ከኤርድሮፕ (በነጻ ከሚታደል ክሪፕቶ) ያገኘውን ሽጦ የሰበሰበውን ዩኤስዲቲ፣ አድራሻ ተሳስቶ ወደራሱ ወደ ዩኤስዲቲ ኮንትራት ልኮት መጣ። ኮንትራት የፕሮግራም አድራሻ ነው፤ የግል ቁልፍ ያለው ባለቤት ከጀርባው የለም። ሊያወጣው የሚችል ቢኖር አውጪው ድርጅት ቴዘር ብቻ ነው። ልጁ ቴዘር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 በስህተት ወደ አንድ ኮንትራት የተላከ 1 ሚሊዮን ዶላር ለላኪዎቹ እንደመለሰ አንብቧል። አዎ መልሷል። ለሚሊዮን የሚደረገው ግን ለአንድ የገላፊ ረዳት 70 ዶላር እንደማይደረግ እኔ አውቅ ነበር። "እንሞክራለን" አልኩት፤ ቀብድም ተቀበልኩት። ስልኩ የተሰነጠቀ ነበር፤ እሱን በነጻ ብቀይርለት ይሻለው ነበር።

ወደ ኤክስቼንጅ (የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት) አካውንት በተሳሳተ ኔትወርክ ለተላከም፣ ያለ ሜሞ (የተቀባዩ መለያ) በቶን ኔትወርክ ለተላከም እንዲሁ አስከፍያለሁ። እዚያ ቁልፉን የያዘው ኤክስቼንጁ ስለሆነ ከውጭ ማንም ምንም አያደርግም። መፍትሔው የግብይቱን ቁጥር አያይዞ ለደንበኛ አገልግሎት ማመልከትና መጠበቅ ነው። አንዳንዱ ክፍያ ተቀብሎ ይመልሳል፣ አንዳንዱ አይመልስም። የእኔ ድርሻ ማመልከቻውን መሙላት ብቻ ነበር፤ የተቀበልኩት ግን ቁልፉ በእጄ እንዳለ ሰው ነው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። የሹፌሩን ዋሌት ከስልኬ አላጠፋሁትም። አልሰርቅም ነበር፤ አልሰረቅኩምም፤ በዚህ እምላለሁ። ግን እከፍተው ነበር። ማታ ማታ ደንበኛ ሲጠፋ ልጅቷ ስንት እንደላከች፣ አባትየው ስንት እንዳወጡ አያለሁ። ለምን እንደማየው ራሴን ስጠይቅ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፦ የሰው ጓዳ በእጄ መሆኑ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ማታ ስከፍተው ባዶ ነው። ያወጡት እሳቸው እንዳልሆኑ ወዲያው ገባኝ፤ እሳቸው የሚያወጡት በጥቂት በጥቂቱ ሲሆን ይህ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ነው፣ የሄደውም ወደማላውቀው አድራሻ ነው። ስልክ ቁጥራቸው ነበረኝ። አልደወልኩም። ብደውል "አንተ እንዴት አየኸው?" ይሉኛል፤ ቀጥሎም እኔን ይጠረጥራሉ። ዝም አልኩ። በዚያው ሳምንት ልጅቷ ሳታውቅ ደመወዟን እዚያው አድራሻ ላይ ላከች። ገብቶ ደቂቃ አልቆየም፣ ተጠረገ። ቃላቱ ሌላ ሰው እጅ ከገቡ በኋላ ዋሌቱ እንደዚያ ነው የሚሆነው፤ የሚገባውን እየጠበቀ የሚያወጣ ፕሮግራም ይተክሉበታል። እኔ ይህን የማውቅ ሰው ነኝ። የመጀመሪያውን የወሰደው ሌባ ነው። ሁለተኛው ግን አንድ ስልክ ብደውል ይተርፍ ነበር።

ሹፌሩ ሲመለሱ ታሪኩን ነገሩኝ። አንድ ጊዜ ገንዘቡ አልታይ ሲላቸው እኔ ሩቅ ስለነበርኩ፣ ቴሌግራም ላይ "የጠፋ ክሪፕቶ እናስመልሳለን" የሚል ሰው አገኙ። ቃላቱን ጠየቃቸው፣ ላኩለት።

"እንዴት ይሰጣሉ ጋሼ?" አልኳቸው፤ ይህን ለማለት አፍ ነበረኝ።

"አንተስ ጠይቀኸኝ አልነበረም እንዴ ልጄ?" አሉኝ። በቁጣ አላሉትም። አሠራሩ እንደዚያ መስሏቸው ነው። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ያሰመረችበትን ትእዛዝ ያስረሳኋቸው እኔ ነኝ።

በዚያ ሰሞን ዊንተርሚዩት ስለተባለ የክሪፕቶ ነጋዴ ድርጅት ያነበብኩት ከራሴ አልወጣም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ለዚህ ድርጅት 20 ሚሊዮን የኦፕቲሚዝም ቶክን ተላከለት። የሰጠው አድራሻ ኢቴሪየም ላይ በኮንትራት የተሠራ ዋሌቱ ነበር፤ ኦፕቲሚዝም ላይ ግን ያ ኮንትራት ገና አልተተከለም። በቁልፍ የሚሠራ ተራ ዋሌት ቢሆን እንደ ሹፌሩ ገንዘብ ከፋቹን ይጠብቅ ነበር። የኮንትራት ሲሆን ግን አድራሻው ቀድሞ ለተከለው ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ቀደማቸውና ወሰደው። ከቀናት በኋላ 17 ሚሊዮኑን መለሰ። ስሙን ማንም አያውቅም፣ ይዞ ቢጠፋ ይችል ነበር፣ አብዛኛውን ግን መለሰ። እኔ በስሜ የምታወቅ፣ ሰው ሁሉ "አዋቂው" የሚለኝ፣ ገና ምንም አልመለስኩም ነበር።

ሎግያ ወርጄ አንድ ሸኽ ጠየቅሁ። ቶክን ምን እንደሆነ አላስረዳኋቸውም፤ የወሰድኩትን ብቻ ነገርኳቸው። "ባለቤቱን ፈልግ። ካጣኸው በስሙ ሶደቃ ስጥ። ያገኘኸውን ሰው ሐቅ ግን በሶደቃ አትሸፍነው" አሉኝ። ስልካቸው የነበረኝን ደዋውዬ ሲሶአቸውን እየመለስኩ ነው። የረዳቱን ቀብድ ለመመለስ ስለ መኪናው ጠየቅሁ፤ ልጁ መስመር ቀይሮ በሞያሌ በኩል እንደሚሠራ ነገሩኝ፣ አላገኘሁትም። አሁን የሚመጣው ሰው ስልኩን ራሱ ይዞ እኔ በቃል እየነገርኩት ራሱ ይነካካል፤ ኔትወርኩን ራሱ ይጨምራል። የማስከፍለው ካርድ እንደሞላሁለት ያህል ነው።

ለሹፌሩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቃላቱ እንደማያስፈልጉኝ፣ ዋሌታቸውን ማታ ማታ እንዳየሁ፣ ባዶ ሲሆን አይቼ ዝም እንዳልኩ። ሲሶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፤ የልጅቷንም ሁለተኛ ገንዘብ በየወሩ ከፍዬ እንደምጨርስ ነገርኳቸው። ረጅም ሰዓት ዝም አሉ። ገንዘቡን አልነኩትም።

"ይሄ የእኔ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "ሰው ቤት እየሠራች የላከችው እሷ ናት። ለእሷ አንተ ንገራት።"

ቁጥሯን በዚያው ደብተር ላይ ካለው አንብበው አስጻፉኝ። እስካሁን አልደወልኩም። ዓርብ የዕረፍት ቀኗ እንደሆነ ነግረውኛል፤ የምደውለው ዓርብ ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ ቃላት እጀምራለሁ።