ዝናብ የሌለው ክረምት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደመወዝም ስለ ማዳም ጭቅጭቅም አይደለም። ስለ አውሬ ነው። አትሳቁብኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኛ ክረምት ስንል ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጎርፍ ነው። ደቡብ አፍሪካ ክሩገር በሚባለው ፓርክ በኩል ግን ክረምቱ ዝናብ የለውም። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ብርዱ ይገባል፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሳሩ ይደርቃል፣ ዛፉ ቅጠሉን ያረግፋል። የኛን ሀገር ጥር አስቡት። አምና ሐምሌ ላይ ዱባይ በሙቀት ስትቃጠል አሰሪዎቼ ለሽርሽር ወደዚያ ሄዱ፣ ልጆቹን እንድይዝ እኔንም ወሰዱኝ። ያረፍነው ከፓርኩ አጠገብ ባለ የግል ጥብቅ ጫካ ውስጥ ነው። ክሩገር ብቻውን ወደ 20 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሆናል። ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በፈረንጆች 1926 ነው።

ጠዋት ሳይነጋ ይቀሰቅሱናል። መኪናው ጣሪያም መስኮትም የለውም፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። አስጎብኚው የዚያው አካባቢ ሰው ነው። ለሁላችንም ብርድ ልብስ አደለን። የኔን ማዳም ለልጁ ደረበችለት። ሰውዬው ምንም ሳይል ሌላ አመጣና "ሲሲ" ብሎ ሰጠኝ። በነሱ እህቴ ማለት ነው።

መጀመሪያ የነገረን አውሬ ለማየት ክረምት ለምን እንደሚሻል ነው። ዝናብ ሲዘንብ ሳሩ ይረዝማል፣ ቁጥቋጦው ይጠቀጠቃል፣ ውሃም በየቦታው አለ። አንበሳ አጠገብህ ተኝቶ ላታየው ትችላለህ። በክረምት ግን ኩሬው ይደርቅና ውሃ ያለበት ቦታ ጥቂት ይቀራል። ጎሹም፣ የሜዳ አህያውም፣ ቀጭኔውም የጠማው ሁሉ ወደዚያ ይመጣል። የራበው ደግሞ የጠማውን ተከትሎ ይመጣል።

በመጀመሪያው ቀን መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ መሬት መሬት ያያል። ትልቋ ልጅ "ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። እኔ ከአፌ አመለጠኝና በአረብኛ "የጅብ እዳሪ ነው" አልኳት። ማዳም ሳቀች። "እሷ ምን ታውቃለች፣ እሱን ጠይቂው" አለቻት። ልጅቷ ግን ያልኩትን በእንግሊዝኛ ነገረችው። ሰውዬው ዞር ብሎ አየኝና "እንዴት አወቅሽ?" አለኝ።

እኔ ያደግኩት ወሎ ገጠር ነው። እስከ 10ኛ ክፍል ስማር ከትምህርት መልስ እረኛ ነበርኩ። አያቴ "ነጭ ከሆነ የጅብ ነው፣ አጥንት ስለሚበላ ነው። ትኩስ ካየሽ ከብቱን በጊዜ አስገቢ" ይለኝ ነበር። ይህንኑ በልጅቷ በኩል ነገርኩት። "ልክ ነሽ" አለ። የአጥንቱ ካልሲየም ነው ነጭ የሚያደርገው፣ ኤሊ እንኳን ድንጋይዋ እንዲጠነክር ብላ ታኝከዋለች አለን። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ፣ ማዳም አፍንጫዋን ያዘች።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ሲያገኝ እኔን መጠየቅ ጀመረ። ጎሽ ጀርባ ላይ የምትቀመጠውን ወፍ አሳየኝ። አወቅኳት፣ የኛም ከብት ላይ ተቀምጣ መዥገር ትለቅማለች። ጮሃ ብድግ ካለች ሰው ወይም አውሬ መጥቷል ማለት ነው። አውራሪስ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ይህቺው ወፍ እንደምታስጠነቅቀው ነገረን። አውራሪሱንም አየነው፣ ቀንዱ ተቆርጧል። ትንሹ ልጅ ሊያለቅስ ሲል ቀንዱ እንደ ጥፍራችን እንደሆነ፣ ተመልሶ እንደሚያድግ፣ የሚቆርጡትም ለቀንዱ ብለው አዳኞች እንዳይገድሉት እንደሆነ አስረዳው።

እኔን ልቤን የነካኝ ዝሆኑ ነው። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ነው የቀረው። ዝሆኗ በእግሯ አሸዋውን ገፋ ገፋ አደረገች፣ በኩምቢዋ እያወጣች ቆፈረች፣ ከዚያ ውሃ መጣጭ ጀመረች። ግልገሏ ከስሯ ቆሞ ይጠብቃል። እነሱ ጠጥተው ሲሄዱ ከርከሮዎች መጥተው ከዚያው ጉድጓድ ጠጡ። እናቴና እኔም በበጋ ወንዙ ሲደርቅ አሸዋውን በእጃችን ቆፍረን፣ ውሃው እስኪጠራ ጠብቀን፣ በጣሳ እየቀዳን ጀሪካን ስንሞላ ነው የኖርነው። እንባዬ መጣ። ብርዱ ነው አልኳቸው።

ባባ ግን አንበሳ ወይ ነብር ካላየሁ ብሎ ተቆጥቷል። በመጨረሻው ቀን ወደ ማታ ኢምፓላ የሚሏቸውን ሚዳቋ መሳዮች አየሁ። አንዳቸውም አይግጡም፣ ሁሉም አንገታቸውን አቅንተው ወደ አንድ ዛፍ ያያሉ። ፍየሎቻችን እንዲህ ሲሆኑ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅቷን ነካ አደረግኳት። አስጎብኚው መኪናውን ቀስ ብሎ አዞረ። ነብሩ ግዳዩን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ተኝቷል፤ መሬት ላይ ከተወው ጅብ ይነጥቀዋል። ባባ ፎቶ አነሳ፣ ለጓደኞቹም "አስጎብኚያችን ጎበዝ ነው" ብሎ ላከ። እኔን አላነሳኝም። ልጅቷ ግን ጆሮዬ ላይ "አንቺ ነሽ ያየሽው" አለችኝ።

ስንለያይ ሰውዬው ዱካ ያስተማረው አባቱ እንደሆነ፣ አባቱም እረኛ እንደነበር ነገረኝ። በኋላ መጽሐፉን አጥንቶ፣ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት አገኘ። "አንቺ ግማሹን ታውቂዋለሽ" አለኝ።

እህቶቼ፣ እኔ ከሀገር ስወጣ ኤጀንሲው ቅጽ ሲሞላልኝ "ሙያ" የሚለው ቦታ ላይ "የለም" ብሎ ነው የጻፈው። እኔም እውነት መስሎኝ ዓመታት ኖርኩ። እዚያ ግን አያቴ በነጻ ያስተማረኝን ሌላው ሰው ደመወዝ ይበላበታል። የኛም ሀገር ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ፣ አዋሽ አሉ። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኙም። አስጎብኚ እሆናለሁ ብዬ አላወራም፣ ኮንትራቴ ገና 8 ወር ይቀረዋል። ግን ከእንግዲህ ማንም "የለም" ብሎ እንዲጽፍብኝ አልፈቅድም።

አንዳንዶቻችን ማር መቁረጥ እናውቃለን፣ አንዳንዶቻችን ስፌት፣ አንዳንዶቻችን የታመመ ከብት በዓይን መለየት። እናንተስ ከቤታችሁ ምን ይዛችሁ ወጣችሁ? ንገሩኝ፣ አነባለሁ።