ያቺ «ጠቅ» የምትል ድምፅ

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ቤት ኪራይም አላወራም። ስለ መኪናዬ ነው የማወራው። «ደግሞ ስለ መኪና!» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ግማሾቻችሁ እንደ እኔ መሪ ላይ የምትውሉ ናችሁ፤ የቀራችሁትም ብትሆኑ ጠዋት ቁልፍ ሳታዞሩ ሥራ አትገቡም።

መኪናዬን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ሰባት ሰው የምትጭን፣ ዕድሜዋ የገፋ ኤስዩቪ ናት። እኔ «በቅሎዬ» ነው የምላት። 200 ሺህ ማይል ካለፈች ቆይታለች። ከቨርጂኒያ ሜሪላንድ፣ ከሜሪላንድ ዲሲ፣ ሰርግ ሲሉ ሰርግ፣ ክርስትና ሲሉ ክርስትና ስታመላልስ የኖረች ናት።

አንድ ልማድ ደግሞ አለኝ። ለልቅሶ ወይም የታመመ ሰው ለማየት ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ካለ ዳለስ አየር ማረፊያ ድረስ በነጻ አደርሳለሁ። ደግ ስለሆንኩ አይደለም። አባቴ ያረፈ ጊዜ ትኬት ለምኜ፣ ተበድሬ፣ በሩጫ ስደርስ ቀብሩ በዋዜማው ተፈጽሞ ነበር። ድንኳን ውስጥ ስገባ አንድ ሽማግሌ «ምነው ልጄ፣ አንድ ቀን ቀደም ብትል» አሉኝ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ግን ቃላቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እንግዲህ ለሌላው ሰው ያቺ አንድ ቀን እንዳትጎድልበት ብዬ ነው።

ባለፈው ጥር ነው። እኛ ሕንጻ ላይ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። አዲስ አበባ ያሉት ታላቅ እህታቸው ጠንቶባቸው «ቶሎ ድረሺ» የሚል ስልክ መጣ። ልጃቸው ሌላ ስቴት ነው የሚሠራው። ዓርብ ማታ በሬን አንኳኩና «ልጄ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንነሳ ይሆን?» አሉኝ። «እማማ፣ ሐሳብ አይግባዎት፤ እኔ እያለሁ!» አልኳቸው። እኔ እያለሁ! ይቺን ቃል ልብ በሉልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መስታወቱ ላይ በረዶ ጋግሯል። ሁለቱን ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ጫንኩ፤ እማማን ከኋላ አስቀምጬ ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ።

ጠቅ።

በቃ። ሌላ ነገር የለም። ዳሽቦርዱ በርቷል፣ ሬዲዮው ያወራል፣ የፊት መብራቱ ግድግዳውን ቦግ አድርጎ ያሳያል። ደግሜ አዞርኩ። ጠቅ። እማማ ከኋላ «በስመ አብ» ይላሉ። እኔ በዚያ ብርድ ላብ ጀመረኝ።

ጎረቤቴ ሲወጣ አየሁትና መኪናውን አስጠጋልኝ። ገመዱን አወጣሁ። ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር፣ ባትሪ ከባትሪ አገናኘሁ። ዐሥር ደቂቃ ጠበቅን። አዞርኩ። ጠቅ። ከአሌክሳንድሪያ ዳለስ መንገዱ ክፍት ከሆነ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ተዘግቶ ከጠበቀ ግን እግዜር ይወቀው። ሰዓቴን አየሁ፤ 12 ሰዓት ከ35።

አንድ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ገና ቤቱ በር ላይ መድረሱ ነበር። ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ «መጣሁ» አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ በ15 ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ሻንጣውን ስናዛውር እማማ ክንዴን ያዝ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ ብረት ነው እኮ» አሉኝ። ሄዱ። እኔ ብርድ ልብሳቸውን ይዤ ፓርኪንጉ ላይ ቀረሁ።

ሲነጋጋ ቤት ለቤት እየዞረ የሚሠራ መካኒክ ጠራሁ። ቁልፉን ሁለቴ አዞረ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘጋ። «ሞተሪኖው ሞቷል፤ 640 ዶላር» አለኝ። መለኪያ አላወጣም፣ ገመድ አልነካም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እከፍል ነበር። መኪናዬ የቆመችበት እያንዳንዱ ቀን እኔ የማልበላበት ቀን ነው። ግን ስልኬን አውጥቼ ልከፍል ስል አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ በአሮጌ ላንድሮቨር የገጠር መንገድ ሲመላለስ የኖረ ሾፌር ነበር። ባትሪ ሲደክም ከፊት ማኒቬላ ከትቶ በእጁ ነበር የሚያስነሳው። እኔንም አስተምሮኛል። «አውራ ጣትህን አትጠምጥም፣ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አንድ ላይ አድርግ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ ይሰብርሃል» ይለኝ ነበር። ሌላም የሚላት ነገር ነበረችው፦ «መኪና ሳትፈታ ዕቃ አትግዛ። መጀመሪያ የት እንደታመመች ጠይቃት።»

መካኒኩን አመስግኜ ሸኘሁና 20 ዶላር የማትሞላ መለኪያዬን አወጣሁ። አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ፤ ነገ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ መኪናዋ ቆማ ባትሪውን ለካሁ። 12.6 ቮልት። ሙሉ ነው ማለት ነው፤ ወደ 12 ከወረደ ባዶ ነው ትላላችሁ። ቀጥሎ ልጄ ቁልፉን እንድታዞር አድርጌ እንደገና ለካሁ። ሞተሪኖ ሲሠራ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚጎትት ቮልቱ ወረድ ማለት አለበት። ከ9.6 በታች ከወደቀ ባትሪው ደካማ ነው ይባላል። የእኔ ግን «ጠቅ» ስትል እንኳ ከ12 አልወረደም። ምን ማለት ነው? ባትሪው ጉልበት አለው፤ ጉልበቱ ግን ወደ ሞተሪኖው አልሄደም። መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ኬላ አለ።

ሦስተኛው ልኬት ነው ጉዱን ያወጣው። የመለኪያውን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ልጄን «አዙሪ» አልኳት። ሁለቱ በወፍራም ገመድ የተያያዙ ስለሆኑ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም። የእኔ ከ9 ቮልት በላይ አሳየ! ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደው የማሳ ገመድ ተበጥሷል ማለት ነው። ከሥር ገብቼ ጎተት ሳደርገው ላስቲኩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ ላይ የሚበትኑት ጨው በልቶታል። ሁለት ሦስት ክር ብቻ ነው የቀረው። በዚያ ክር «ጠቅ» የምትል ጉልበት ታልፋለች፤ ሞተር የሚያዞር ጉልበት ግን አያልፍም። የፊት መብራቱና ሬዲዮው ደግሞ በሌላ ገመድ፣ በቦዲው በኩል ስለሆነ የሚሠሩት አልተነኩም። ለዚህ ነው በብርሃናቸው የሸወዱኝ።

ለማረጋገጥ የጎረቤቴን መኪና ያገናኘሁበትን ያንኑ ጥቁር ገመድ አመጣሁ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ነከስኩት። ቁልፉን አዞርኩ። በቅሎዬ አንዴ ብቻ አጓርታ ተነሳች።

ያኔ ነው እግሬ የከዳኝ። ለምን መሰላችሁ? ባትሪ ስታበዳድሩ የመጨረሻውን ጥቁር ገመድ ባትሪው ላይ ሳይሆን ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ እሰሩ ይላል መመሪያው። ምክንያቱ ባትሪ የሚያስወጣው ጋዝ በብልጭታ እንዳይፈነዳ ነው። ሃያ ዓመት ስነዳ ይህን አውቃለሁ፤ አድርጌው ግን አላውቅም። «ጥቁር በጥቁር» ነው የምለው። ያን ጠዋት እንደ መመሪያው አድርጌ ቢሆን ኖሮ የጎረቤቴ ገመድ የተበጠሰውን ተክቶ መኪናዋ ወዲያው ትነሳ ነበር። እማማም በእኔው መኪና ይሄዱ ነበር። መድኃኒቱን በእጄ ይዤ፣ ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ ያለ ቦታ ስቼ ነው።

ሌላም አለ፤ ይህን ለሚስቴም ገና አልነገርኳትም። ከዚያ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል መኪናዋ ስትነሳ ድምፅዋ ይጎተት ነበር። ሰምቻለሁ። «ብርዱ ነው፣ ቅዳሜ አየዋለሁ» እያልኩ ሬዲዮ ከፍ አደርግ ነበር። አባቴም በመጨረሻው ወር ስልክ ላይ ድምፁ ይጎተት ነበር። «ጉንፋን ነው» አለኝ፣ እኔም «ለፋሲካ እመጣለሁ» አልኩት።

ገመዱን በ18 ዶላር ገዛሁ። ኔጌቲቩን ቀድሜ ፈትቼ፣ ብረቱን ፈግፍጌ፣ በአንድ ሰዓት ቀየርኩት። 640 ዶላሩ ኪሴ ውስጥ ቀረ። መካኒኩን ሌባ አልለውም፤ ገምቶ ነው። ግን በግምቱ የምንከፍለው እኛ ነን።

በሉ ላሳጥረው፦

«ጠቅ» ካለችና መብራቱ ከፈዘዘ መጀመሪያ ባትሪውንና የባትሪውን ራስ እዩ። ነጭ ዱቄት ካለበት አጽዱ፣ የላላ ካለ አጥብቁ።

«ጠቅ» ካለችና መብራቱ ቦግ እንዳለ ከቀረ ሞተሪኖ ከመግዛታችሁ በፊት ገመዶቹን አስለኩ፣ ማሳውንም ጭምር።

«ጠቅ» እንኳ ካላለች ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ቫልቮላውንም እዩ።

ሞተሩ እየዞረ ካልተነሳ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የነዳጅ ፖምፓ፣ ካንዴላ ወይም የቁልፍ ነገር ይሆናል።

ምንም ስትነኩ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሹ ፓርክ ላይ ይሁን።

እማማ ደርሰዋል። ጓደኛዬ እንዴት እንደነዳ እሱና እግዜር ያውቃሉ። ሰኞ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። እህታቸው ዓይናቸውን ገልጠው አውቀዋቸዋል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው አድረዋል። ረቡዕ አረፉ። «ደርሼላታለሁ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ለእኔ አዝነው «መኪናህስ ዳነች?» ብለው ጠየቁኝ። ለራሳቸው ልቅሶ ላይ ተቀምጠው!

ጓደኛዬ የቤንዚን እንኳ አልቀበልም ብሎኛል። ስለዚህ በዚህ ቅዳሜ የእሱን መኪና ገመድ በሙሉ በነጻ እለካለሁ። አሌክሳንድሪያና አካባቢው ያላችሁ፣ መኪናችሁ ጠዋት ስትነሳ ድምፅዋ የሚጎተት ከሆነ እናንተም ኑ። ሬዲዮውን ዝቅ አድርጋችሁ አዳምጧትና ኑ። ቡናው ከእኔ ነው።

ቸር ያሰንብተን።