ለአንድ ተማሪዬ ይቅርታ

ቴፒ ያስተማርኳችሁ ልጆቼ፣ ይህቺ ጽሑፍ ለእናንተ ናት፤ በተለይ ለአንዱ። ከኋላ ነበር የሚቀመጠው። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል።

ስለ ሃይድሮጅን እያስተማርኩ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እንደ ወርቅ ከመሬት ቆፍረን ብናወጣውስ?» ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። «ሃይድሮጅን ብቻውን አይገኝም፤ ከውሃ ወይ ከተፈጥሮ ጋዝ ይነጠላል እንጂ አይቆፈርም» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ እጁን ሲያወጣ አላየሁም። እናቱ እንጨት ተሸክመው እየሸጡ እንደሚያስተምሩት የሰማሁት በኋላ ነው።

ለካ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማሊ ውስጥ ቡራኬቡጉ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1987 የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃው ቀርቶ ነፋስ ወጣ። አንዱ ሠራተኛ ሲጋራ እንደያዘ ጎንበስ ቢል እሳት ፊቱን ለበለበው። ጉድጓዱ ተደፈነ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመረመር ጋዙ 98 በመቶ ሃይድሮጅን ሆነ፤ ለመንደሩም መብራት አመነጨ። ሲቃጠል ጭስ የለው፣ የሚወጣው እንፋሎት ነው።

ነገሩ የክፍላችን ኬሚስትሪ ነው። ከመሬት በታች ብረት የበዛበት አለት ውሃ ሲያገኘው እንደ መዛግ ይላል፤ ኦክስጅኑን ከውሃው ይወስዳል፣ ሃይድሮጅኑ ነፃ ይወጣል።

እንዲህ ያለ አለት ምዕራብ ኢትዮጵያም አለ። የወለጋው የዩብዶ ፕላቲነም ያለው በዚሁ ዓይነት አለት ነው። ከሚዛን ወደ ዲማ ስትወርዱ በአኮቦ በኩል ወርቅ የሚቆፈርበትም አካባቢ አለው።

ደግሞ «ሀብታም ሆንን» ብላችሁ ሼር እንዳታደርጉ! አለቱ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ጋዙ እንዳያመልጥ ከላይ የሚከድነው መኖሩ ሌላ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የጂኦሎጂ ተመራማሪዎች በዓለም ከርሰ ምድር 5.6 ትሪሊዮን ቶን ገደማ ሊኖር ይችላል ብለው ገምተዋል፤ አብዛኛው ግን በጣም ጥልቅ ወይም የተበታተነ ስለሆነ አይደረስበትም።

እስከዚያው የሚዛን እናቶች እንጨቱን ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ፤ ቡናችንን የሚያጠላው ዛፍም ይሳሳል። ያ ልጅ የጠየቀው ይህንን ነበር። እኔ የሰማሁት ቀልድ ነው።

ዛሬ መምህር የሆናችሁ ልጆቼ፣ ተማሪ እንዲህ ሲጠይቃችሁ «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» በሉት። አያሳፍርም።

አንተ ደግሞ ይህን ካየህ፣ ይቅር በለኝ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ እናትህንም ሰላም በልልኝ።