ጥፋቱ የማን ነበር?

ዘንድሮ በኮምፒዩተር ክበባችን ካገኘሁት ትምህርት ሁሉ የበለጠው ከራሴ ስሕተት የተማርሁት ስለ ሆነ፥ ሳላፍር ልነግራችሁ እወዳለሁ።

ድረ ገጽን አንብቦ በመስኮት ላይ የሚያሳየው የፕሮግራም ክፍል ሞተር ይባላል። ይህንንም ሞተር በሌላ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶ ማሠራት ይቻላል። ነገር ግን ታላላቆቹ ሞተሮች በአብዛኛው በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ የተጻፉ ስለ ሆነ፥ በፓይተን ወይም በጃቫ የሚጽፍ ሰው በቀጥታ ሊያዝዛቸው ይቸገራል። ስለዚህ በመካከል እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግል ኢንተርፌስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ማርሻል ግሪንብላት የጀመረው ክሮሚየም ኤምቤድድ ፍሬምወርክ ለዚሁ ጉዳይ በሲ ቋንቋ የተዘጋጀ ኢንተርፌስ አለው፤ ከሲ ጋር መነጋገር የማይችል ቋንቋ ጥቂት ነውና።

እኔም በዚህ ላይ ተመሥርቼ አንድ አነስተኛ ኢንተርፌስ ሠራሁ። ጓደኛዬ ደግሞ በእኔ ሥራ ተጠቅሞ በፓይተን የንባብ መስኮት አዘጋጀ። በወላጆች ቀን መስኮቱን ሲከፍተው፥ በአርእስቱ ቦታ «ኢትዮጵያ» ይነበባል ሲባል «ኢ» ብቻ ታየና ከኋላዋ የማይነበብ ምልክት ተከተለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቱ አቀረቀሩ። እኔም ቸኩዬ «ፓይተኑን አላወቀበትም» አልሁ። ጓደኛዬ አንዲት ቃል ሳይመልስ ወጣ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ የጻፍሁትን እንደ ገና መረመርሁ። የእኔ ኢንተርፌስ ጽሑፉን በዩቲኤፍ 8 ሲያስረክብ፥ ርዝመቱን ግን በፊደል ቈጥሮ «5» ይላል። ጓደኛዬ እንደ ልማዱ ቁጥሩ የባይት መስሎት 5 ባይት ወሰደ። በዩቲኤፍ 8 አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ «ኢትዮጵያ» 15 ባይት ናት። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ ነው፤ እኔም የሞከርሁት በእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ስለ ነበር ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ሆነው አታለሉኝ። የምቈጥረው ፊደል ይሁን ባይት በመመሪያው ላይ አልጻፍሁም። በገዛ ፊደሌም አንድ ጊዜ እንኳ አልሞከርሁም!

እሑድ ከጓደኛዬ ቤት ሄድሁ። ለእናቱ «እማማ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብላቸው፥ «ልጄ፥ ያን ቀን የተናገርኸው በሰው ፊት ነው፤ ይህንንም በሰው ፊት ተናገረው» አሉኝ። ሰኞ በክበቡ አባሎች ሁሉ ፊት ቆሜ ጥፋቴን አስረዳሁ። ጓደኛዬም አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና «እንግዲህ እናርመው» አለኝ።

ዛሬ ኢንተርፌሳችን ርዝመትን በባይት ይናገራል፤ ይህም በመመሪያው ላይ ተጽፏል። የመጀመሪያው መሞከሪያ ቃላችንም «ኢትዮጵያ» ሆኗል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ሌላ ሰው የሚገለገልበትን ነገር ስትሠሩ ያ ሰው የልባችሁን ሐሳብ ሊያውቅ እንደማይችል አስቡ። ሲሳሳትም ከመፍረዳችሁ በፊት አስቀድማችሁ የገዛ ሥራችሁን መርምሩ።