ጀላቲውን ፍሬው ያጣፍጠው

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ተያይዞታል። ከሰዓት በኋላ ጥላ ስር ቁጭ ብሎም ላብ አይቆምም፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ገና ቦርሳቸውን ሳያወርዱ የሚጠይቁት ቀዝቃዛ ነገር ነው። ብር ሰጥቶ ወደ ሱቅ መላክ ይቀላል። ግን ቀፊራ ገበያ ላይ ማንጎው፣ ፓፓያውና ዘይቱኑ እንዲህ ተቆልሎ እያለ ልጆቻችን ቀለም የገባበት የስኳር ውሃ ሲመጥጡ ማየት ያንገበግበኛል። ጀላቲ ቤት ውስጥ ለመሥራት ልዩ ዕቃ አያስፈልግም። ፍሪዘር ያለው፣ ወይም ፍሪዘር ያላት ጎረቤት ያለችው ሰው ይሠራዋል።

ዋናው ነገር ፍሬው ነው። ለጀላቲ የሚፈለገው ማንጎ ለእንግዳ የሚቀርበው ያማረ ማንጎ አይደለም። ቆዳው መጨማደድ የጀመረ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ፣ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት እሺ የሚል፣ አፍንጫ ሲያስጠጉት ሽታው የሚያውድ ነው። ነጋዴዎቹ እንዲህ ያለውን ገለል አድርገው ያስቀምጡታል፣ ዋጋውንም ይቀንሱለታል፤ የጁስ ማንጎ ስትሏቸው ይገባቸዋል። ውስጡ ካልጠቆረ ወይም መኮምጠጥ ካልጀመረ እሱን ውሰዱ።

ብስለቱ ላይ የማጠብቀው ወድጄ አይደለም። ምላስ ቅዝቃዜ ሲነካው ጣፋጭ የመለየት አቅሙ ይቀንሳል። ብሌንደር ውስጥ እያለ ልክ የነበረ ጁስ ሲረጋ ለዛው ይጠፋል። ሱቅ ያለው ጀላቲ ላይ ስኳር የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እኛ ግን ጉድለቱን በብስለት መሙላት እንችላለን፤ ማንጎና ሙዝ ሲበስሉ ውስጣቸው ያለው ስታርች ወደ ስኳርነት ይለወጣልና። ሎሚም ያግዛል። ጥቂት ጠብታ ሎሚና ቆንጠር የተደረገች ጨው የፍሬውን ጣዕም ያወጡታል፣ በተለይ የፓፓያውን። ያለ ሎሚ የረጋ ፓፓያ እኔ አልወደውም።

ስኳር ጨርሶ አይግባ ግን አልልም፤ ከማጣፈጥ ሌላ ሥራ አለውና። ንጹሕ ውሃ በ0 ዲግሪ ይረጋል። ስኳር የሟሟበት ውሃ ለመርጋት ከዚያ የበለጠ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ጀላቲው ድንጋይ አይሆንም፣ ለጥርስ ይለሰልሳል። ሐብሐብ ብቻውን ሲረጋ የሚጠጥረው ከ90 በመቶ በላዩ ውሃ ስለሆነ ነው። ማንጎ፣ ሙዝና ዘይቱን ወፍራም ናቸው፤ ቃጫቸው ውሃውን ስለሚይዘው በረዶው ደቃቅ ይሆናል። ሐብሐብ የምትወዱ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር ፍጩት።

እኔ ሁለት ትላልቅ ማንጎ፣ ግማሽ ኩባያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂና አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር አድርጌ ነው የምፈጨው። ስድስት ትናንሽ ጀላቲ ይወጣዋል። የሾርባ ማንኪያዋ ስኳር 12 ግራም ያህል ናት፤ ለስድስት ስትካፈል ለአንድ ልጅ 2 ግራም ትደርሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ስኳር ከዕለቱ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል፤ 5 በመቶው ለአዋቂ ሰው 25 ግራም ገደማ ነው። ጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳርም ከዚሁ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ፍሬው ከነሥጋው ይፈጭ እንጂ ተጨምቆ ውሃው ብቻ አይወሰድ፤ ጀላቲውም ትንሽ ይሁን፣ ለአንድ ልጅ አንድ።

የእኛ ቤት ልጆች የሚሻሙት ስፕሪሱን ነው። ጁስ ቤት በብርጭቆ የለመድነውን አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ እየደራረቡ ማርጋት ነው። መጀመሪያ ፓፓያው በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ሥር ይገባና ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ላዩ ያዝ ሲያደርግ ውስጡ ገና ሳይጠጥር እንጨቱ መሃል ላይ ይተከላል። ቀድሞ ከተተከለ ይጋደማል፣ ከዘገየ አልገባም ይላል። ከዚያ ማንጎው በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ተብሎ ይፈስሳል፣ እንደገና ይረጋል፤ በመጨረሻ እንዳይጠቁር ሎሚ የገባበት አቮካዶ። ከላይ የአንድ ጣት ስፋት ይተውለት፤ ውሃ ሲረጋ ወደ 9 በመቶ ይሰፋልና። ካደረ በኋላ ኩባያውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለአፍታ ነከር አድርጎ እንጨቱን መሳብ ነው፤ ፓፓያው ጫፍ ላይ፣ ማንጎው መሃል፣ አቮካዶው እንጨቱ ዘንድ ሆኖ ላዩ ስስ ውርጭ ለብሶ ይወጣል። አቮካዶው ቅባት ስላለው አፍ ውስጥ ወተት የገባበት ያህል ይለሰልሳል።

ውሃው ላይ ግን እለምናችኋለሁ። ቅዝቃዜ ብዙውን ጀርም ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ ታይፎይድ የሚያመጣው ባክቴሪያ በረዶ ውስጥ ቆይቶ ልጁ ሆድ ሊደርስ ይችላል። ውሃው ይፍላ። ፍሬው ከመላጡ በፊት ይታጠብ፣ ቢላዋ ቆዳው ላይ ያለውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባልና። መብራት ጠፍቶ ቀልጦ ከአንድ ሰዓት በላይ ሙቀት ላይ የቆየ ጀላቲ ይደፋ፤ መልሳችሁ አታርጉት፣ ፍሬው ቢያሳዝናችሁም።

ይህን የምጽፈው ስለ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሁዳዴና ረመዳን እየተገናኙ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ሁለቱም ጾም በአንድ ግቢ ውስጥ ይኖራል። ወተት ያለበት አይስክሬም ሁዳዴ ለያዘ ልጅ አይሆንም፤ የፍሬ ጀላቲ ግን ማንንም አይለይም። የጎረቤቶቻችን ልጆች ከመግሪብ በኋላ ተምሩንና ሳምቡሳውን ቀምሰው ሲመጡ ከእኛዎቹ ጋር ከአንድ ትሪ ላይ ያነሳሉ። 55 ቀን ሙሉ ልጅን "ይህ አይበላም፣ ያ አይበላም" ከማለት እጁ ላይ የሚወደውን ማስያዝ ደስ ይለኛል። በዚያ ትሪ ዙሪያ ደግሞ የልጆቹ ጨዋታ መለያየትን አያውቅም፤ ይህን በዚህ ዘመን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

አሁን ያማረኝ የሁመር ጀላቲ ነው። ሁመሩን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ፣ በእጅ አሽቶ፣ በወንፊት ማጥለል አያቅተኝም። ኮምጣጣነቱ ግን ስለሚበረታ በስኳር ፋንታ ተምር አብሬ ልፈጭበት አስቤአለሁ። የሠራችሁት ካላችሁ ለአንድ ኩባያ ሁመር ስንት ተምር እንደሚበቃ ጻፉልኝ፤ ቅዳሜ ቀፊራ ስወርድ በዚያው ልገዛ።