የጽጌረዳ ውሃ ነገር

ሱቅ ውስጥ «የጽጌረዳ ውሃ» የሚል ጠርሙስ ሳይ መጀመሪያ የማነበው ጀርባውን ነው። ውሃ፣ ሽቶ፣ ቀለም ከተደረደረበት መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሮዝ ቀለም ያለውማ ጭራሽ! እውነተኛው ጥርት ያለ ነው። ሳዑዲ፣ ጣኢፍ ውስጥ አበባውን ማለዳ ለቅመው በመዳብ ጋን ከውሃ ጋር ያፈሉታል፤ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ሥራው አይጠፋውም። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ሲንጠባጠብ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከሥሩ ያለው የጽጌረዳ ውሃው ነው፤ በአረብኛ ማወርድ ይሉታል። (አረብ አገር የሠራች ታውቀዋለች፤ ጣፋጭ ላይም ጠብ ያደርጉታል።)

በመጠኑ አሲዳማ ስለሆነ ከሳሙና በኋላ ለፊት ይስማማል። ማድያት ያጠፋል የሚሉትን ግን አልቀበልም። ብቻውን ቶሎ ይተናል፤ ፊት ሳይደርቅ ቅባት መደረብ ነው። መከላከያ ያልተጨመረበት ደግሞ ስለሚበላሽ ፍሪጅ ይግባ፣ ከደፈረሰ ይደፋ።